ለቤታ ዓሣ ብርጭቆ አይበቃውም

ያወጣችሁት ጽሑፍ፣ በቤት ውስጥ ለጌጥ የሚቀመጠው ትንሹ ቤታ ዓሣ ከአየር ስለሚተነፍስ ትንሽ ብርጭቆ ይበቃዋል ማለቱ አሳዝኖኛል። እርግጥ ነው፣ ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል። ነገር ግን ከራሱ የሚወጣው አሞኒያ በጠባብ ውኃ ውስጥ ቶሎ ተጠራቅሞ ይመርዘዋል። ደግሞም የታይላንድ ሞቃታማ ረግረግ ተወላጅ ነው፤ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። እዚህ ጅማ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ማሞቂያ ከሌለው ክንፉን አጣብቆ ከታች ይተኛል።

ወንዱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት! በአፉ አረፋ እየሠራ በውኃው ላይ ጎጆ ያበጃል፤ ወደ ታች የሚወድቀውን እንቁላል አንድ በአንድ ለቅሞ ይመልሳል፤ ለእንቁላሎቹ ሲል እናቲቱን እንኳ ያባርራታል። ለእንዲህ ያለ አባት 20 ሊትር ውኃ ቢሰጠው ምን ይበዛበታል? አዘጋጆች ሆይ፣ እባካችሁ ጽሑፉን አርሙት።