ለክቡር የኩኪ ፈቃድ ጠያቂ ሳጥን፣ የስክሪን ግርጌ

ጉዳዩ፦ ማለቂያ ስላጣው ትሕትናዎ

ክቡርነትዎ፣ ድረ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ኩኪ (ጎብኚን ለማስታወስ ብሮውዘር ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል) ለመትከል ፈቃድ ሊጠይቁ ከጽሑፉ ቀድመው ብቅ ይሉና «ለግላዊነትዎ ዋጋ እንሰጣለን» ይላሉ። ዋጋማ ሰጥተውታል! ገዢዎቹም እዚያው «አጋሮቻችን» በሚለው ዝርዝር ውስጥ አንዳንዴ በመቶዎች ተሰልፈው ይታያሉ።

«ሁሉንም ተቀበል» የሚለው በተንዎ በደማቅ ቀለም ያበራል። እምቢ ለማለት ግን በግራጫ የተጻፈችውን «ምርጫዎችን አስተካክል» መፈለግ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን መፈተሽ፣ ከዚያ «ሕጋዊ ጥቅም» የምትለዋን ታብ መክፈት ነው። እዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠየቅ የበሩ ሌሎች ማብሪያዎች አሉ። ሁሉም ጠፍተው ሲያበቃ «አስቀምጥ» ከሚለው ጎን ያው ደማቁ «ሁሉንም ተቀበል» ቆሟል፤ ጣት ከሳተ ልፋቱ ገደል ገባ።

ጥፋቱን በአውሮፓ ሕግ ማላከክ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ግን ፈቃድን መሻር የመስጠቱን ያህል ይቅለል አለ እንጂ ማብሪያ ደርድሩ አላለም። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ እንዳልሆነም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ወስኗል። በ2022 መጀመሪያ የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ በጎግል ላይ የ150፣ በፌስቡክ ላይ የ60 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ይፋ ያደረገው «እሺ» በአንድ ጠቅታ ሲያልቅ «እምቢ» ብዙ ጠቅታ ስለሚያስከፍል ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን እምቢታን መዝግበው የሚያስቀምጡት በኩኪ መሆኑ ነው። ኩኪውን የሰረዘ ሰው እምቢታውም አብሮ ይሰረዝና በማግሥቱ እንደ አዲስ እንግዳ ይጠየቃል። አይ ብልሃት!

ለማንኛውም፣ ፋየርፎክስ በተባለው ብሮውዘር ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለውን ማስታወቂያ ማገጃ ጭኖ፣ ከማጣሪያ ዝርዝሮቹ የኩኪ ማሳሰቢያዎችን የሚመለከተው ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ፊትዎን እምብዛም አያይም። በዚያ የአውሮፓ ሕግ ዝምታ እሺታ ስላልሆነ፣ እርስዎን አለማየት እሺ ማለት አይደለም። ሳይጠይቁ ኩኪ የሚተክሉ ባልደረቦች ስላሉዎት የብሮውዘሩን የክትትል መከላከያ «ጥብቅ» ላይ ማድረግም አይከፋም። አንዳንዴ እርስዎ ተሰውረው ገጹ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ሲመጡ የቆለፉትን ማሸብለያ ሳይከፍቱ ስለቀሩ ነው። ያኔ ማጣሪያውን ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፍቶ እምቢታን በእጅ መጫን ነው።

ግልባጭ፦
ለ«አጋሮቻችን» በሙሉ (ይህ ደብዳቤ እንዳይደርሳችሁ ከፈለጋችሁ «ምርጫዎችን አስተካክል» የሚለውን ተጭናችሁ ስማችሁን አንድ በአንድ አጥፉ)