ማስተካከያ፦ ስለ እንጦጦው የቅርስ ውይይት ያሰራጨነው ወረቀት

የእንጦጦ ማርያም ዙሪያ በቅርስነት እንዲጠበቅ ነዋሪው የሚመክርበትን ውይይት አስመልክቶ ባለፈው ሳምንት የበተንነው ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ሁለት ስህተት ነበረበት።

ቀላሉን እናስቀድም። «ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ» ብለን ነበር። 1879 አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዘመን ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ነው። ያረሙን አንድ የደብሩ አባት ናቸው፤ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛው ግን ሰው አስደንግጧል። «ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ የመንግሥት ይሆናል» ያልነው ሐሰት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም እጅ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ መንከባከብ ይጠበቅበታል፤ ከመጠገኑ በፊት ደግሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ይኼ ለአንዳንዱ ሰው የቢሮ ምልልስ ሊመስለው ይችላል (ምልልሱም አይቀርም)፤ ግን ምክንያት አለው። እዚያው ግቢ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይገባዋል፦ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ኖራ የተቀባ ነው። እንዲህ ያለውን ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለስኑት ላዩ ያምራል፤ እርጥበቱ ግን ውስጥ ታፍኖ ማገሩን ያበሰብሰዋል።

ወረቀቱን ያነበቡ አንዲት እናት «ካርታዬን ይዤ ልምጣ?» ብለው ጠይቀውናል። አይ እማማ፣ ካርታው ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ፤ እርስዎ ብቻ ይምጡልን። የፊተኛውን ወረቀት በር ላይ የለጠፋችሁም አንሱት።