ሞምባሳን በመስኮት

ኧረ እንዴት ያናድዳል! አስጎብኚያችን የኬንያዋን የወደብ ከተማ ሞምባሳን በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ ብሎ አንጀቴን አሳረረው። እ.ኤ.አ. በ1593 ፖርቹጋሎች መገንባት የጀመሩትን፣ በ1698 የኦማን ዐረቦች የማረኩትን፣ ኋላም እንግሊዞች እስር ቤት ያደረጉትን የፎርት ጂሰስ ምሽግ በሃያ ደቂቃ! ፖርቹጋሎች ግድግዳው ላይ የሣሏቸውን መርከቦች ጠጋ ብዬ ማየት ስጀምር «ቶሎ በሉ፣ መኪናው ቆሟል!» ይለኛል።

አሮጌው ከተማ ስንደርስማ ጭራሽ አላወረደንም። ስዋሂሊው፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖረበትን ሰፈር በመኪና መስኮት! ለመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጊዜ ነበረው፤ ኮሚሽኑ እዚያ ነዋ። እኔ እኮ ስንት ወር ገንዘብ ያጠራቀምኩት ለሱቅ አልነበረም። እዚያ አሮጌው ከተማ ካሉት የተቀረጹ የእንጨት በሮች አንዱን እንኳ በእጄ ሳልዳስስ ተመለስኩ።