ሸራ ሁሉ «አንደኛ» የሆነበት ገበያ

ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶግራፍ በሸራ እያተምኩ ለምኖረው ለእኔ፣ ትልቁ ፈተና ማተሚያው ሳይሆን ሸራው ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ስደርስ ሻጩ የሚያውቀው «አንደኛ ነው» የምትለዋን ቃል ብቻ ሲሆን፣ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር 260 ግራም ይሁን 380፣ ቀለሙን የሚይዘው የላይኛው ሽፋኑስ ለፒግመንት (ደቃቅ ብናኝ ላለው) ቀለም የተሠራ ይሁን ለሌላ ስጠይቀው የሰደብኩት ያህል ፊቱን ያጨፈግጋል።

ባለፈው ጥር ለሙሽሮች ያተምኩትን ትልቅ ምስል በእንጨት ፍሬም ላይ ስወጥር፣ እጥፋቱ ላይ ሽፋኑ ተሰነጣጠቀና ከጥቁሩ ካባ ሥር ነጭ ክር የመሰለ መስመር ብቅ አለ። የሙሽራዋ እናት በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምን ነካው?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ፤ በራሴው ኪሳራ ደግሜ አተምኩ።

እንደ በረዶ የነጣው ሸራም ቢሆን ያማልላል እንጂ፣ ንጣቱ የመጣው ከማድመቂያ ኬሚካል ከሆነ ውሎ አድሮ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይህን ለደንበኛ ማስረዳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አሁን አሁን ከመግዛቴ በፊት ስንዝር የምታህል ቁራጭ አጥፌ፣ በጥፍሬ ፍቄ ልፈትን ስል፣ ሻጩ «ካልገዛህ አትንካ» ይለኛል።