ደረጃ የሚወጣው ዊልቸር ይቅርብኝ፣ የፊቷን ጎማ አስተካክሉልኝ

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚገባው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። ዊልቸሩ ሰውየውን እንደተሸከመ ደረጃ ይወጣል፣ ከዛ በሁለት ጎማው ብድግ ይልና ሰውየው ከቆመ ሰው ጋር አይን ለአይን እየተያየ ያወራል። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ላከችልኝ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ላከልኝ፣ ቴሌግራም ላይ ሶስት ግሩፕ ውስጥ አየሁት፣ ሁሉም ከስሩ "ላንተም ያምጣልህ" ምናምን ብለውበታል። አሜን ብያለሁ፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ግን እቃው አዲስ አይደለም እኮ። አይቦት ይባላል፣ ሴግዌይን (ቆመው የሚነዱትን ባለሁለት ጎማ) የሰራው ዲን ኬመን ነው ያመጣው፣ በ2003 (የፈረንጅ ነው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ) አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ፣ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፣ እዛው ሀብታም አገር እንኳን ብዙ ገዢ ሳያገኝ በ2009 ቆመና በ2019 እንደገና ተመለሰ። ወደ ብር አልመነዘርኩትም፣ በባዶ ሆዴ እንደዛ አይነት ሂሳብ አልሰራም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ቤቴ ድረስ ይመጣል ወይ? ዋናው አስፋልት ዳር ኮሪደር ልማቱ የሰራው የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ እዛ ላይ እውነት ለመናገር እበራለሁ። ወደ ሰፈር ስትታጠፍ ግን 200 ሜትር የሚሆን ኮብልስቶን አለ፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ የሆነ ቅያስ፣ ከዛ ነው የኔ በር። ዊልቸር የማያውቅ ሰው የሚያየው ትልቁን የኋላ ጎማ ነው። የኔ ጠላት የፊቷ ናት። ትንሽ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ናት፣ የሁለት ድንጋይ መሃል ስታገኝ ስንቅር ብላ ትገባለች፣ ዊልቸሩ ቀጥ ይላል እኔ ግን አልቆምም፣ ወደፊት እሄዳለሁ። ሶስት ጊዜ እንደዛ ወድቄያለሁ፣ አንዴ ጭኔ ላይ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ይዤ፣ ሰው ሁሉ እኔን ሲያነሳ አንዲት ልጅ ብቻ ቲማቲሙን ስትለቅም ነበር፣ እግዜር ይስጣት።

ዊልቸሩን ያገኘሁት በእርዳታ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ ካሜራ፣ የታሸገ ውሃ፣ ከፊት ደግሞ ሁሉም አንድ አይነት ሁሉም አንድ ሳይዝ የሆኑ ዊልቸሮች ተደርድረዋል። ስሜ ተጠራ፣ ተቀመጥኩ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ በቃ። ማንም ቁመትህ ስንት ነው፣ የት ነው የምትኖረው፣ ቤትህ ደረጃ አለው ወይ ያለኝ የለም። መቀመጫው ለአንድ ደህና ወፍራም ሰው የተለካ ይመስላል፣ በጎንና ጎኔ ጡጫ ይገባል። የሰጡኝን ሰዎች አላማርርም፣ ከዛ በፊት ወንድሜ ነበር በጀርባው የሚያወጣኝ። ግን የአለም ጤና ድርጅት በ2008 ባወጣው መመሪያ ተስማሚ ዊልቸር ማለት ለሰውየው የሚበቃ፣ ለሚኖርበት ቦታ የሚሆን፣ እዛው አገር ውስጥ ሊጠገን የሚችል ነው ብሎ ከጻፈ ስንት አመቱ፣ እኛ ጋር ዛሬም ሰው ተጠርቶ እንደ ዩኒፎርም ይታደለዋል።

ያ የታደለኝ የሚታጠፍ ሞዴል ደግሞ ታሪክ አለው፣ ሳነበው ገርሞኛል። ኸርበርት ኤቨረስት የሚባል አሜሪካዊ የማእድን መሃንዲስ በ1918 ስራ ላይ አደጋ ደርሶበት መራመድ አቃተው። ጓደኛው ሃሪ ጄኒንግስ መካኒካል ኢንጂነር ነበር። ሰውየው ዊልቸሩን መኪና ውስጥ ይዞ መሄድ ፈለገ፣ ስለዚህ በ1933 ሁለቱ ሆነው ከመቀመጫው ስር ብረቱን በኤክስ ቅርጽ አጠላልፈው የሚታጠፍ ዊልቸር ሰሩ። ለኤቨረስት ትክክል ነበር፣ መኪና ነበረው፣ የካሊፎርኒያ መንገድ ነበረው። እኔ ግን መኪና የለኝም፣ ያለኝ ማጠፊያው ነው። (ሚኒባስ ላይ አጥፌም ቢሆን ረዳቱ "ወንድሜ እሱም ወንበር ይይዛል" ብሎ የሁለት ሰው ያስከፍለኛል፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።)

ልብ ብላችሁ ካያችሁ ደግሞ ዊልቸር እውነት የተሻሻለው የሚቀመጥበት ሰው እጁን ሲያስገባ ነው። ማሪሊን ሃሚልተን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተራራ ላይ በክንፍ ስትበር ወድቃ ተጎዳች፣ የሰጧት ዊልቸር ከባድ ነበር፣ ጓደኞቿ ደግሞ የመብረሪያ ክንፍ ሰሪዎች ነበሩ፣ በቃ በዛው በአልሙኒየም ቱቦ ቀላል ዊልቸር ሰሩላትና ኩዊኪ የሚባለው ተወለደ። ሌላው ራልፍ ሆችኪስ ነው፣ በ1966 ተማሪ እያለ በሞተርሳይክል አደጋ ሽባ ሆነ፣ በ1980 ኒካራጓ ሲሄድ አራት ወጣቶች አንድ ዊልቸር ተጋርተው ሲጠቀሙ አገኘና ከነሱ ጋር መስራት ጀመረ። ከዛ ነው ዊርልዊንድ የተባለው ድርጅቱ የመጣው፣ ዲዛይኑን ፓተንት ሳያደርግ (የብቻዬ ነው ብሎ ሳያስመዘግብ) ለየአገሩ ወርክሾፕ የሚሰጥ፣ ቱቦ መቁረጥና መበየድ የሚችል ሰው እንዲሰራው ተብሎ የተሳለ። እነሱ ጋር ዚምባብዌ ጎማ የሚባል አለ፣ እዛው ዚምባብዌ የተፈጠረ፣ ሰፊና ለስለስ ያለ ላስቲክ የሆነ የፊት ጎማ፣ አሸዋና ጭቃ ላይ አይሰምጥም፣ ድንጋይ መሃል አይሰነቀርም። ራፍራይደር በሚሉት ሞዴላቸው ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎቹን ወደፊት አስረዝመው ነው የተከሉት፣ ጎማው ቢያዝ እንኳን ክብደትህ ከኋላው ስለሆነ ተሽቀንጥረህ አትወጣም።

እኔ ይሄን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ያስተማረኝ የሰፈራችን በያጅ ነው። የዊልቸሬ የፊት ጎማ በአራተኛ ወሩ ተሰነጠቀ፣ ኩሽኔታው አቧራ በልቶት ይጮህ ነበር፣ ሱማሌ ተራ ሙሉ ቀን ዞርን፣ የዛ ልክ የለም። ተስፋ ቆርጬ በያጁ ጋሼ ጋር ሄድኩ፣ በርና መስኮት ነው የሚሰሩት፣ ዊልቸር ነክተው አያውቁም። ገልብጠው አዩት፣ ጎማዋን በጣታቸው አሽከረከሯት፣ ከዛ "ልጄ፣ ድንጋዩ የሚይዝህ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። ከአዳራሹ ጀምሮ እንደዛ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ናቸው። ሄደን አሳየኋቸው፣ ኮብልስቶኑ ላይ ተንበርክከው በመዳፋቸው ለኩት። ከመርካቶ የእቃ መግፊያ ጋሪ ጎማ አስመጡ፣ ወፍራም ላስቲክ፣ የኔዋን ሁለት እጥፍ የሚሰፋ፣ ጎማውን የሚይዘውን ብረት ቆርጠው አስፍተው በየዱት፣ ኩሽኔታውንም የትም የሚገኝ ልክ አደረጉት። ቀለሙ አይመሳሰልም፣ ትንሽ ከብዷል፣ ኮብልስቶኑን ግን ይሄው ሳልወድቅ አለሁ።

የዊልቸር ጥንካሬ ለመፈተሽም ቢሆን እኮ ፈረንጆቹ ቀልድ የላቸውም። አይሶ 7176 በሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ዊልቸሩን ጉብታ ባለባቸው ሁለት ከበሮዎች ላይ 200 ሺህ ዙር ያሽከረክሩታል፣ ከ5 ሳንቲሜትር ከፍታ ደግሞ 6,666 ጊዜ ይጥሉታል። ጥሩ ነው፣ ግን ከበሮው ላይ አቧራ የለም፣ ጭቃም የለም። አሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይሄ ገብቷቸው ለፊት ጎማ ብቻ ዝገትና መፈግፈግ የጨመረ ፈተና ሰርተዋል። ለዊልቸር ግዢ ጨረታ ስታወጡ (መንግስትም ሁን ኤንጂኦ) እባካችሁ ብዛቱን ብቻ አትጻፉ፣ የፊት ጎማው ስፋት ስንት ነው፣ ኩሽኔታው እዚህ ገበያ ላይ አለ ወይ፣ ስንት አይነት ሳይዝ አለው ብላችሁ ጠይቁ።

ትራስ ደግሞ። በእርዳታ ከሚመጣው አብዛኛው ሲዘረጋ የናይለን ጨርቅ ብቻ ነው፣ ትራስ የለውም። ጀርባው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ናይለን ላይ ሲውል ይቆስላል፣ ቁስሉ ሳያመው ያመረቅዛል፣ ሆስፒታል ያስገባል፣ የሚገድልም አለ። ስለ ትራስ ቫይራል የሆነ ቪዲዮ ግን አይቼ አላውቅም። እኔ ፍራሽ ቤት ሄጄ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አስቆርጬ ላዩ ላይ ለስላሳ ደርቤ ነው የምቀመጠው፣ በየስድስት ወሩ እቀይራለሁ።

የተማረ ሰው ሰፈር ድረስ ሲወርድ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ኤም.አይ.ቲ (አሜሪካ ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ) ውስጥ ኤሞስ ዊንተርና ጓደኞቹ ሊቨር ያለው ዊልቸር ሰሩ፣ ሁለት ረጅም ዘንግ አለው፣ ዘንጉን ላይኛው ጫፍ ይዘህ ስትገፋ እንደ መኪና አንደኛ ማርሽ ጉልበት ይሰጥሃል፣ ዝቅ አድርገህ ይዘህ ስትገፋ ይፈጥናል፣ የሚንቀሳቀሰው እቃ ሁሉ ከሳይክል የመጣ ነው ስለዚህ ሳይክል ጠጋኝ ይሰራዋል። የመጀመሪያውን ምስራቅ አፍሪካ አምጥተው ሲሞክሩት ተጠቃሚዎቹ ሜዳ ላይ ጎበዝ ነው፣ ግን ከበደን፣ ሰፋብን፣ ቤት ውስጥ አይሆንም አሏቸው። እነሱም ተመልሰው አቀለሉት አጠበቡት። ከነሱ የወደድኩት ይሄን ነው። እኛ ጋር ሎተሪ አዟሪዎቹ የሚነዱት በእጅ የሚዘወር ባለሶስት ጎማስ? እሱም ውጪ አንበሳ ነው፣ እቃ ይጭናል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቤት ውስጥ ግን አይገባም፣ ባለቤቱ ደጅ አቁሞት በእጁ እየዳኸ ይገባል።

በነገራችን ላይ የህንጻ አዋጁ (624፣ በኛ 2001 የወጣው) የህዝብ ህንጻ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን ካለ ቆይቷል። በቅርብ አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ራምፕ (ለዊልቸር የሚሰራው ተዳፋት) አለን አሉኝ፣ አዎ አለ፣ የልጆች ሸርተቴ ነው። የታወቀው ልክ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፣ የነሱ ሶስት ሜትር ቢሆን ነው። ዘበኛውና አንድ ባለጉዳይ ገፍተው አወጡኝ፣ ስወርድ ደግሞ አራት ሆኑ።

አሁን ከጋሼ ጋር አዲስ ጣጣ ውስጥ ነን። የራፍራይደርን ፎቶ ስልኬ ላይ ካሳየኋቸው ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም፣ የፊት ጎማዎቹን አራት ጣት ወደፊት ላውጣልህ እያሉ ነው። ልክ ናቸው፣ አያስወድቀኝም። ግን ያኔ ዊልቸሩ ይረዝማል፣ የኔ ቤት መግቢያ ደግሞ ጠባብ ኮሪደር ነው፣ ገብቼ ወደ ግራ መታጠፍ አለብኝ፣ አሁን ራሱ የእግር ማስቀመጫው ግድግዳውን እየፋቀው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሜትራቸውን ይዘው መጡና በሬን፣ ኮሪደሩን፣ እኔን፣ ዊልቸሩን ለኩ። "አራቱ ካልሆነ ሁለት ጣት" አሉ። የቤቱን አከራይ በሩን እናስፋው ብዬ ልጠይቃቸው ነው፣ እሳቸው ደግሞ ገና የኪራይ ጭማሪውን ጉዳይ አልጨረሱልኝም።