ይድረስ ለክቡር ዓመተ ምሕረት፣ ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት (ዓመቱ እንደ ልማድዎ አልተገኘም)
ጉዳዩ፦ ከመቃብር ድንጋይና ከመዝገብ ላይ ያለ ፈቃድ መቅረትዎን ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የአያት የቅድመ አያት መቃብር ፈላጊዎች፣ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወርም ደህና ነው፣ ቀንም ደህና ነው፤ ሁለቱም በየሐውልቱ ላይ ተገትረው ይጠብቁናል። የሚጎድሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

የት እንደሚደበቁ ግን ደርሰንበታል። ሐውልት ላይ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል፣ እርስዎ የክብር ቦታ ነው ብለው ታችኛው መስመር ላይ ይቀመጣሉ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አፈር ደግሞ ከክረምት ክረምት ከፍ ይላል፤ ሲውጥም ከታች ይጀምራል። ጽሑፉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በሚስማር የተጫረ ከሆነማ አይነሣ። ጫሪው ስምና ማዕረግ ሲያሳምር ቦታው ያልቅበትና ጠርዙ ላይ «፲፱፻» ብሎ እርስዎን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎዎት ይሄዳል።

እኛም አስተዳዳሪውን አስፈቅደን አፈሩን በእጅና በእንጨት እንገፋለን፤ ዶማ ከገባ ጠርዙ ከነቁጥሩ ይረግፋልና። ቀጥሎ ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ነው። በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ይዞ የሚመጣ ትጉህ የልጅ ልጅ አይጠፋም፤ ድንጋዩን ነጭ አድርጎ፣ ፊደሉንም አብሮ አጥቦ ይመለሳል። ለማንበብ የቀትር ፀሐይ አይረዳም። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ አለዚያም ድንጋዩን በካርቶን አጥልሎ የስልክ መብራት ከጎን አስተኝቶ ማብራት ነው፤ ጥላ የያዘ ጭረት ያኔ ይወጣል። ይህን ሁሉ ሆነንልዎት እንኳ ፮ን ፯፣ ፯ን ፷ መስለው ይወጣሉ። ፲፱፻፷ን ፲፱፻፯ ብሎ ያነበበ ሰው አያቱን 53 ዓመት ቀድሞ ቀበረ ማለት ነው፤ ምናልባትም አባቱ ሳይወለድ።

ድንጋዩ ሲያቅተን ሽማግሌ እንጠይቃለን። «በሚካኤል ነው ያረፉት።» የትኛው ሚካኤል? በዓመት 12 አለ። «በኅዳሩ ነዋ!» በየትኛው ዓመት? «ጣሊያን ሊገባ ሲል።» ሰው ሁሉ እርስዎን ረስቶ ሰገሌን፣ ማይጨውን፣ የኅዳር በሽታን፣ የታኅሣሥ ግርግርን ያስታውሳል። በእርግጥ ይህ ይጠቅማል፤ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928፣ ግርግሩ 1953 ነው። «በጣሊያን ጊዜ» የሚለው ግን ሳይጣራ አይወሰድም፤ ለአንዱ 1888 ነው፣ ለሌላው ከ1928 እስከ 1933። በተዝካርም መተማመን አይቻልም። ለእንግዳ እንዲመች ወደ እሁድ ይገፋልና 40 ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ የሞቱን ዕለት አገኘሁ ማለት ዘበት ነው።

አሁን ክቡርነትዎ ወንበር ይያዙ። ሽማግሌው በመጨረሻ «ማክሰኞ ነበር፣ ዘመኑም ማርቆስ» ካሉ ተይዘዋል።

ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይፈራረቃሉ። በአንድ ዓመት ላይ 5,500 ሲደመር ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት፣ ይገኛል። ያ ለ4 ተካፍሎ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። የደረሰው መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ተደምሮ ለ7 ይካፈላል። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ይሄድና ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ያለው 71 ቀን፣ ማለትም 10 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው። ስለዚህ የኅዳር ሚካኤል ማክሰኞ እንዲውል መስከረም 1 ሰኞ መሆን አለበት።

1926ን እንሞክር። ዓመተ ዓለሙ 7,426፤ ለ4 ሲካፈል 1,856 ደርሶ 2 ይተርፋል፣ ማርቆስ። ሁለቱ ሲደመሩ 9,282፤ ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፣ ሰኞ። ወር፣ ቀን፣ ዕለትና ወንጌላዊ አንድ ላይ የሚገጥሙት በ28 ዓመት አንዴ ብቻ ነው፤ ከ1926 ሌላ መደበቂያዎ ወይ 1898 ወይ 1954 ነው። «ጣሊያን ሊገባ ሲል» ያሉት ሽማግሌ ሁለቱንም ዘግተውብዎታል። (ጳጉሜን 6 ያረፈ ሰው ደግሞ ነፍሱን ይማርልን፤ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን ማንንም ሳያስጠይቅ ነግሮን ሄዷል።)

ከተያዙ በኋላም ያመልጣሉ። ዋሽንግተን ያለው የልጅ ልጅ በ1926 ላይ 8 ደምሮ ቅጽ ላይ 1934 ብሎ ይሞላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው ፈረንጆቹ አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ ነው። የእኛ ሰው በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 1933 ነው ያረፉት።

ስለ መዝገብ አናንሣ ብንል ደስ ባለን። ደብሩ ስማቸውን የያዘው በክርስትና ስም ነው፤ «አቶ በቀለ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኃይለ ጊዮርጊስን አልፎ ይሄዳል። ዕድሩ ደግሞ የሚጽፈው አባሉን ነው። ሟች «የወይዘሮ እገሊት አባት» ተብለው ከልጃቸው ስም ሥር ስለሚገኙ መጀመሪያ የሚፈለገው ዕድርተኛዋ ናት። በደጉ ጊዜ የሞቱ ባላባት ከሆኑ በብራና ወንጌሉ ኅዳግ ላይ ስማቸው ሊኖር ይችላል፤ እዚያ 7,000 ቤት ውስጥ ያለ ቁጥር ከታየ ዓመተ ዓለም ነውና 5,500 ይቀነሳል። ልደትና ሞት እንዲመዘገብ ያዘዘው የወሳኝ ኩነት አዋጅ 760/2004 የወጣው ሁሉም ካለፉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ (ጳጉሜን አይታሰብም) በየድንጋዩ ላይ በአካል ቀርበው፣ በአራት አኃዝ እንዲመዘገቡ እናሳስባለን። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል መታወቂያ ሳይዙ መቅረብ አይፈቀድም።

ከሰላምታ ጋር
መቃብር ፈላጊዎች

ግልባጭ፦
ለዘመነ ማርቆስ፣ ስለ ተባበረን ለምስጋና
ለሐውልት ጠራቢዎች፣ እባካችሁ ከማዕረጉ በፊት ዓመቱን ጥረቡ፤ ቦታ ካነሰ «ክቡር» ይቅር