መብራቱን ሳያጠፉ ሜላቶኒን?

ሰሞኑን አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በቴሌቪዥን የጤና ዝግጅት ላይ የተናገሩት ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ጨጓራቸውን ለማሳነስ ከሚታከሙት መካከል ሜላቶኒናቸው (ሰውነት ማታ ማታ የሚያመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን) ዝቅ ያለባቸው የሕመም ማስታገሻ አብዝተው እንደሚጠይቁ ነገሩን። ስለዚህም ማታ ማታ ሜላቶኒን በእንክብል እየሰጡ ጠንካራዎቹን ማስታገሻዎች፣ ሞርፊኑንና ትራማዶሉን፣ ቀንሰዋል። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም ሲሉም አከሉበት። አዘጋጇ አመሰገነቻቸው፤ ወደ ማስታወቂያ ተኬደ።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሞርፊንም እኮ ከተክል የሚወጣ ነው። ተፈጥሯዊነት መድኃኒትን ደግ የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሙ አሁን የሚሸሹትን ሞርፊን እቅፍ አድርገው በያዙት ነበር። ስፔሻሊስት የተባለ ሰው ይህን በአደባባይ ሲል መስማት ያሳፍራል።

«ሜላቶኒኑ ያነሰ ማስታገሻ ያበዛል» የሚለውም የቱ የቱን እንዳመጣው አይነግረንም። ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ በላይ ተቆርጦ የወጣለት ሰው ያመዋል፤ ስላመመው አይተኛም፤ ስላልተኛ ዓይኑን አፍጥጦ መብራት ሥር ያድራል። ታዲያ ሜላቶኒኑ ከየት ይምጣ?

ሜላቶኒን የጨለማ ሥራ ነው። አንጎል ውስጥ ያለችው ትንሽ ዕጢ መምሸቱን የምታውቀው ዓይን ብርሃን ሲያጣ ነው፤ መብራት ሲበራባት ሥራዋን ታቆማለች። ይህን ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቃል። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። ጣሪያው ላይ ያለው ነጭ ፍሎረሰንት ቦግ እንዳለ ነው። ማጥፊያው ለስድስት አልጋ አንድ ነው፤ የአንዱ ታካሚ ግሉኮስ ሲያልቅ ስድስቱም ይነቃሉ። ነርሷ ግፊትና ሙቀት ልትለካ ትመጣለች። የአንዱ አስታማሚ ቲክቶኩን ድምፁን ለቆ ያያል። የኦክስጅን ሲሊንደር በኮሪደሩ እየተንኳኳ ያልፋል። ሊነጋጋ ሲል ጽዳቶች ባልዲያቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ከዚያ የሐኪሞች ዙር ይመጣል። ለብቻው ክፍል የከፈለውም አያመልጥም፤ የኮሪደሩ መብራት በበሩ መስታወት ፊቱ ላይ ያድራል። እንግዲህ የሰውየውን ሌሊት በአምፖል ሰርቆ ሲያበቃ፣ ጠዋት ደሙን ለክቶ «ሜላቶኒንህ አንሷል» ይባልለታል! የሰረቁትን በእንክብል መልሶ መሸጥ ይሉሃል ይኼ ነው። ከማታው ሦስት ሰዓት በኋላ መብራት ይደብዝዝ ብሎ ለማዘዝ የትኛው በጀት ይጎድላል? የዓይን መሸፈኛ ጨርቅና የጆሮ መድፈኛ ስንት ብር ነው? ግን ጨርቅ ይዞ ቴሌቪዥን ላይ መቅረብ አያምርም።

ሐኪሙ ጥናት አለ ብለዋል። አዎ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት፣ ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች አስቀድሞ ሜላቶኒን ሲሰጥ ማገገማቸው እንደተሻለ ያሳያል። ትንሽ ጥናት ናት። ሜላቶኒኑም በሌላው ላይ ተጨመረ እንጂ ታካሚዎቹ ማስታገሻ አልተነፈጉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዴንማርክ ተመራማሪዎች የሐሞት ከረጢታቸው ለወጣላቸው ሴቶች 10 ሚሊግራም በደም ሥር ሰጥተው ሕመሙ ላይ ለውጥ አላገኙም። ይችኛዋን ሐኪሙ አላነሷትም።

አንድ ነገር ግን ለሐኪሙ ልመንላቸው። ክብደታቸው ከባድ ከሆነ ታካሚዎች ብዙዎቹ ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል፤ ሞርፊን ሲበዛባቸው ከነአካቴው መተንፈስ ሊያቆሙ ይችላሉ። የጨጓራ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚሰፋ ቀዶ ሕክምና) ለተሠራላቸው ደግሞ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የተባሉት ማስታገሻዎች የተሰፋው ቦታ ላይ ቁስለት ሊያመጡ ይችላሉ። ምርጫው ጠባብ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም። ታካሚው እስኪጮኽ ሳይጠበቅ በሰዓቱ የሚሰጥ ፓራሲታሞል አለ። የሆድ ግድግዳን የሚያደነዝዝ መርፌ አለ። ሞርፊኑም ቢሆን በትንሽ በትንሹ፣ ኦክስጅኑ እየተለካ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ግን ነርስ ይፈልጋል፤ እንክብል ርካሽ ነው። ለእኔ የነገሩ ሥር ይኸው ነው። ከጀርባውም «ወፍራም ሰው ሕመም አይችልም፣ ሲሞላቀቅ ነው» የሚል የቆየ ንቀት አለ።

ደግሞስ እንክብሉ ራሱ ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ እንደ ቫይታሚን ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ከዘመድ ሻንጣ እየወጣ እዚህ ይደርሳል፤ ብሪታንያ ውስጥ ግን ሐኪም ካላዘዘው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጃማ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ምርመራ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ 25 የሜላቶኒን ማኘኪያዎችን ፈትሾ በ22ቱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው መጠን አልገጠመለትም። ከተጻፈው 74 በመቶ ብቻ የያዘ አለ፣ 347 በመቶ የያዘም አለ፤ አንዱ ውስጥ ጭራሽ ሜላቶኒን የሚባል ነገር አልተገኘም።

እናም ሐኪሙ ይንገሩን። ስንት ሚሊግራም ሞርፊን ቀንሰው ስንት ሚሊግራም ሜላቶኒን ተኩ? የየትኛው ፋብሪካ ምርት ነው? ታካሚዎቹ ተነግሯቸው ፈርመዋል ወይ? በመጀመሪያው ሌሊት ሕመማቸውን ከዜሮ እስከ አስር ስንት ብለው እንደነገሯቸውስ ተመዝግቧል? ከተመዘገበ ይውጣና እንየው።